ያልያዘው ጎማ

ሠራተኛው ፀሐዩ በአንድ የአቃቂ መስታወት መቁረጫ ቤት ወለል ላይ ሞቶ በጀርባው ተዘርሯል። ፊቱና ደረቱ ላይ የመስታወት ስብርባሪ ተከምሯል። ከቀኝ እጁ አጠገብ ሠራተኞች መስታወት የሚያነሡበት፣ እጀታ ያለው የጎማ መምጠጫ ወድቋል።

መርማሪው ኢንስፔክተር ሳህሌ አጎንብሶ አየ። የቤቱ ባለቤት ሀብተሚካኤል ጫማውን አቧራ እንዳይነካው በእግሩ ጣት ቆሞ ነበር።

«ምኑ ይመረመራል?» አለ ሀብተሚካኤል። «ለመታጠቢያ ቤት መስኮት የታዘዘ መስታወት ነው። በመምጠጫው ከፍ አድርጎ ሲያነሣው በዓይኔ አይቻለሁ። ለቀቀና ወደቀበት። ጥፋቱ የእሷ ነው፤ ጎማውን ሳሙና አስነክታ ትታዋለች።»

እሷ ያላት ዕቃ አጣቢዋን ፈለቀችን ነው። በር ላይ በሁለት ፖሊሶች መሃል ቆማለች።

«ንጹሕ ነበር፣ አባቴ» አለች ለሳህሌ። «ቃሊቲ ከገባሁ ሁለቱን ልጆቼን ማን ያያቸዋል?»

«ዝም በይ! ማንም አህያ የሚሠራውን ሥራ እንኳ አበላሻችሁት!» አላት ሀብተሚካኤል።

«እርስዎ ሠርተውት ያውቃሉ?» አለ ሳህሌ።

«እኔ ባለቤት ነኝ እንጂ ተሸካሚ አይደለሁም።»

ሳህሌ ጎማውን በጣቱ ነካ። ሳሙና የለውም። ከዚያ ሽበታሙን መስታወት ቆራጭ ዱጉማን ጠየቀ።

«ጋሽ ዱጉማ፣ ግቢው ውስጥ ማን ነበር?»

«እኛ ሦስታችንና ሟቹ። ፀሐዩ ጌታውን ‹የተሰነጠቀ መስታወት ትምህርት ቤት ደረጃ ላይ አስገጥመኸናል፤ ዛሬ ሄጄ እናገራለሁ› ሲለው ሰማሁ። ከዚያ ከጓሮ ማሽኔን አስነሣሁ። ግማሽ ሰዓት ቆይቼ ሳጠፋው መስታወት ሲከሰከስ ሰማሁ።»

«ቅጥፈት ነው!» አለ ሀብተሚካኤል።

ሳህሌ ትልቁን ስባሪ በጓንት አነሣ። ሥሩን አየ። ሰዎቹን ሁሉ ሰብስቦ ከግድግዳው ሌላ መምጠጫ አወረደና ለስላሳ መስታወት ላይ ተጫነው። ያዘ።

«ሙጫ የለውም» አለ። «ስትጫኑት ከሥሩ ያለው አየር ይወጣል፤ የውጪው አየር ገፍቶ ያጣብቀዋል። በጠርዙ ሥር አየር ከገባ ግን ይለቃል። ምጽዋ መርከበኛ ሳለሁ ኦክቶፐስ የሚሉት ባለ ስምንት ክንድ የባሕር እንስሳ ሻካራ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ አይቻለሁ። የእሱ መምጠጫ ጠርዙ ለስላሳ ሥጋ ነው፤ ጎርበጥባጣውን ይሞላዋል። ይህ ጎማ አይሞላውም። የተሰበረው መስታወት ደግሞ በሁለቱም ፊቱ አበባ የወጣለት ሻካራ ነው።»

«እሱንማ በእጃችን ነው የምናነሣው!» አለ ዱጉማ። «ፀሐዩ በመምጠጫ ሊሞክረው?»

«አንቺስ፣ ልጄ፣ ይህን ታውቂ ነበር?»

«የተቀጠርኩ ዕለት ነው የነገሩኝ» አለች ፈለቀች።

«እንግዲህ መምጠጫውን እጁ ሥር ያስቀመጠው መስታወት አንሥቶ የማያውቅ ሰው ነው። ስብርባሪው የወደቀው ዳር ዳሩ ቀድሞ በደረቀ ደም ላይ ነው። ሰውየው መጀመሪያ ተመታ፤ መስታወቱ የተለቀቀበት ቆይቶ ነው።»

«እኔን ማለትዎ ነው?» ሀብተሚካኤል ደነገጠ።

ሳህሌ መምጠጫውን ዘረጋለት።

«እንካ። በዓይንህ እንዳየኸው አንሣው።»

ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» መውረዱን ሁሉም ሰሙ። ሀብተሚካኤል ጎማውን ሻካራው ስባሪ ላይ ተጭኖ ሊያነሣ ሞከረ። ስባሪው ወደቀ። ደገመው። ወደቀ።

«ማንም አህያ የሚሠራው ሥራ ነው አላልክም?» አለ ሳህሌ። «በምን እንደመታኸው ጣቢያ ትናገራለህ። እሷን ልቀቋት።»

ፈለቀች ነጠላዋን አንሥታ ወደ ልጆቿ ሮጠች። ሀብተሚካኤል እጁን ታስሮ ከኋላዋ ወጣ። አሁንም ጫማውን አቧራ እንዳይነካው በእግሩ ጣት ይራመድ ነበር።