ከሟቹ ኮምፒውተር ውስጥ ያወጣሁት ገለባ

ያየሁትን ነው የምነግራችሁ። የጨመርኩት የለም። የቀነስኩት ግን አለ፤ እሱን ለራሴም ደግሜ መናገር አልፈልግም።

ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተሩብ ነበር። የከተማችን የታንሴን ፀሐይ የቆርቆሮውን ጣሪያ እያንጣጣችው ነው። ሌሊት ቢሆን ኖሮ ዓይኔ ነው እል ነበር... ግን ቀን ነው።

ኩሱም እባላለሁ። ገበያው ዳገት ላይ ኮምፒውተር እጠግናለሁ።

የጠሩኝ እትዬ ሱባድራ ናቸው። ባላቸው ጋሽ ጋጄንድራ ከሞቱ አሥራ ሁለተኛ ቀናቸው ነበር። ሊሞቱ አንድ ወር ሲቀራቸው አሮጌ ዴስክቶፓቸውን ያደስኩላቸው እኔ ነኝ። አዲስ የግራፊክስ ካርድ፣ ተጨማሪ ሜሞሪ፣ ካሜራ አስገባሁላቸው። "ለሚስቴ የምናገረው ነገር አለኝ" ብለውኝ ነበር።

አሁን ኮምፒውተሩ ይነሳል፤ ፋኑም ይዞራል። ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው።

"ቤቱን ለእኔ እንደተዉልኝ የተናገሩት እዚያ ውስጥ ነው" አሉኝ እትዬ ሱባድራ በሹክሹክታ። "'አሥራ ሦስተኛው ቀን ሳይደርስ ክፈቺው' ብለውኛል። ነገ ልጆቹ ከሐዘን ይነሳሉ፤ ዘመድ ተሰብስቦ ቤቱ ይሸጥ አይሸጥ ይባላል። ያ ቃል ከሌለኝ ሜዳ ላይ ቀረሁ፣ ልጄ።"

ሐዘንተኞቹ ልጆች እንደ አገራችን ሥርዓት ምድር ቤት ገለባ ላይ ተቀምጠዋል። ጭንቅላታቸው ተላጭቷል፤ ነጭ ተከናንበዋል። ሐዘንተኛ እስከ አሥራ ሦስተኛው ቀን አይነካም፣ እናት እንኳ አትነካውም። እኔም ከበሩ ላይ መዳፎቼን ደረቴ ላይ አጋጥሜ ሰላም አልኳቸውና ደረጃውን ወጣሁ።

ሦስት ነበሩ...

እኔ የማውቃቸው ልጆች ግን ሁለት ናቸው፤ ዲሊፕና ታናሹ ሄምራጅ።

"ሦስተኛው ማነው?" አልኳቸው።

"የባሌ ወገን መሰለኝ። በአምስተኛው ቀን ነው የመጣው። ልጆቹ ያውቁታል።"

ብዙም አላሰብኩበትም። ሥራዬን ጀመርኩ።

መጀመሪያ የስክሪኑን ገመድ አየሁ። አዲሱ ካርድ ላይ መሰካት ሲገባው ከጀርባ ያለው አሮጌ መሰኪያ ላይ ተሰክቷል። ሰው እንዳይሳሳት ብዬ ያንን መሰኪያ በላስቲክ ክዳን ዘግቼው ነበር የሄድኩት። ክዳኑ ጠረጴዛው ላይ ነው። የወደቀ አይመስልም... ሰው ያስቀመጠው ነው።

ገመዱን ወደ ካርዱ መለስኩትና አበራሁት።

ጥቁር።

"ከእርስዎ ሌላ እዚህ የሚወጣ አለ?"

"ማን ይወጣል? ሐዘንተኛ ከገለባው አይነሳ።" ወደ ደረጃው አዩ። "ብቻ... ሌሊት ደረጃው ሲጮህ እሰማለሁ። ልጆቼን መጠርጠር ከበደኝ እንጂ።"

እኔን አልከበደኝም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው ነገሩ። ወንድማማቾቹ በቤቱ ሽያጭ እንደሚነታረኩ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ሳጥኑን ፈታሁ። ሜሞሪውን ነቀልኩት።

መሰኪያው ውስጥ ገለባ አለ።

አንዲት ዘለላ ናት። በመሰኪያው ርዝመት ልክ ተቆርጣ ገብታለች። ይዣት ወረድኩ።

"ይቺ የማን ናት?" አልኩ።

ዲሊፕ ወደ ታናሹ አየ። "ቤት ለመሸጥ የሚቸኩለውን ጠይቂ።"

"ላም ባልዋለበት ኩበት አትልቀም" አለው ሄምራጅ። "ገዢ ያመጣኸው አንተ አይደለህ?"

"ወይ ራሷ አበላሽታው ይሆናል። ደግሞ አዋቂ ነኝ ትላለች" አለ ዲሊፕ በአገጩ ወደ እኔ እያመለከተ።

መልስ ነበረኝ... ግን ዓይኔ ሌላ ነገር ላይ አረፈ። ከፊታቸው ምሳ የበሉበት የቅጠል ሳህን አለ፤ ሁለት ብቻ።

ሦስተኛው ሰው ቀና አላለም። ነጩ ጨርቅ ፊቱን ጋርዶታል። ስንነጋገር ድምፅ አላሰማም፤ ሲተነፍስም ጨርቁ አይንቀሳቀስም።

ወደ ዲሊፕ ጠጋ አልኩ።

"ይሄ ማነው?"

"እማዬ የጠራችው ዘመድ ነው" አለኝ በሹክሹክታ። "አይደለም እንዴ?"

"እሳቸውማ እናንተ ታውቁታላችሁ ብለውኛል።"

ዲሊፕ እና ሄምራጅ ተያዩ። ከዚያ ሁለቱም ቀስ ብለው ገለባው ላይ ወደ ዳር ተንሸራተቱ።

ፈራሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደረጃውን ግድግዳ ይዤ ነው የወጣሁት። ጥዬ እንዳልሄድ ደግሞ እትዬ ሱባድራ እጃቸውን አጣምረው ያዩኛል።

የሜሞሪውን ጥርሶች በላጲስ ፈትጌ መለስኩት። አበራሁ።

ቲት።

ስክሪኑ በራ።

ቪዲዮው የትኛው እንደሆነ እትዬ ሱባድራ ራሳቸው አሳዩኝ። ከፈትኩት። ጋሽ ጋጄንድራ ካሜራው ላይ ተደፍተው በሹክሹክታ ያወራሉ።

"ሱባድራ፣ ቤቱ ያንቺ ነው። እስክትሞቺ ማንም አያስወጣሽም።"

እትዬ ሱባድራ አለቀሱ። እኔም እፎይ ብዬ ላጠፋው እጄን ዘረጋሁ።

ጋሽ ጋጄንድራ ግን አልጨረሱም።

"አባቴ ሲሞት እኔና ወንድሜ ገለባው ላይ ተቀመጥን። ሁለት ነበርን። በአምስተኛው ቀን ሦስት ሆንን። ዘመድ መሰለን፤ ሐዘንተኛ አይነካምና አልነካነውም። በአሥራ ሦስተኛው ቀን ስንነሳ... ሁለት ነበርን። አብሮኝ የተነሳውን ወንድሜ እያልኩ አርባ ዓመት ኖርኩ። ወንድሜ አልነበረም።"

የእትዬ ሱባድራ ለቅሶ ቆመ።

"ልጆቻችንን ቁጠሪያቸው። ሦስት ሆነው ካየሻቸው..."

እዚህ ላይ ዝም አሉ። ከካሜራው ጀርባ ያለውን በር ያያሉ። ቪዲዮው አራት ደቂቃ ይቀረዋል... አራቱንም ደቂቃ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ በሩን እያዩ ነው የጨረሱት።

ያኔ ነው ያስተዋልኩት። ከምድር ቤት ይሰማ የነበረው የወንድማማቾቹ ንትርክ ቆሟል።

ተያይዘን ወረድን።

ገለባው ላይ ሁለት ናቸው።

"ሦስተኛውስ?" አልኩ።

"የትኛው ሦስተኛ?" አለ ዲሊፕ።

"ሁለት ነን እኮ፣ እህቴ" አለ ሄምራጅ። "ከመጀመሪያውም።"

እትዬ ሱባድራ ወደ ገለባው ቀረቡ።

"ዲሊፕ..."

"አቤት፣ እማዬ።"

"ሄምራጅ..."

"አቤት፣ እማዬ።"

ድምፃቸው የራሳቸው ነው። ፊታቸውም። እናት ግን እናት ናት፤ ሥርዓቱን ረስተው፣ ጎንበስ ብለው እጃቸውን ወደ ሁለቱ ዘረጉ።

ሁለቱም እኩል ወደ ኋላ ሸሹ... ሥርዓቱ እንደሚያዘው።

የእናትየው እጅ አየር ላይ ቀረ።