ከታች ያለው ይጣራል

አራጌ ጉድጓድ ሲገባ እንደ ሙሽራ ነው፤ ሚዜው ካላስገባው አይገባም። ሚዜውም ያው የሠርጉ ሚዜ ይማም ነው። ዛሬም እንደ ልማዱ ገመዱን ወገቡ ላይ አሰረለትና፣

«ይሄ ቦርጭህ ካልቀነሰ ሌላ ጊዜ የሚጎትትህ ግመል ነው!» ብሎ ሳቀበት።

በዚያ ራቁቱን በቀረ የበረሃ ተራራ ኳርትዝ የሚባለውን ውድ ድንጋይ የሚቆፍሩ ሰዎች ደንብ አላቸው። ያለቀ ጉድጓድ የሰው ግመል እንዳይገባበት ይደፈናል። ከታች ያለው ይጣራል፤ ከላይ ያለው «አለሁ» ይላል። ሽማግሌዎቹማ «አንተ ዝም ካልክ ተራራው ይናገርልሃል» ይላሉ። አራጌ በዚህ ሲስቅ ነው የኖረው።

ታች ያለው ጨለማ የተጫረ ክብሪት ይሸታል። መዶሻው ነጩን የድንጋይ ጅማት በመታ ቁጥር ድምፁ እየቀጠነ ወደ ተራራው ሆድ ይገባና፣ የሆነ ነገር አዳምጦ የላከው ይመስል ዘግየት ብሎ ይመለሳል።

«ይማም!»

«አለሁ!»

ያኔ ነው የባትሪው ብርሃን በጎን ካለች ስንጥቅ ውስጥ ያረፈው፤ ክንድ የሚያህል፣ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ኳርትዝ! አራጌ ሊጮህ አፉን ከፈተና መልሶ ገጠመው። ለልጆቹ ቤት ክዳን የሚሆን ሲሳይ ለምን ለሁለት ይከፈላል? ልብሱ ውስጥ ሸጉጦት ቢወጣ ማን ያያል? ስንጥቋ ጠባብ ስለነበረች ገመዱን ፈታ፤ ትንፋሹን ውጦ በደረቱ እየተሳበ ገባ።

«አራጌ! ምን ዋጠህ?» አለ ይማም ከላይ።

አራጌ ዝም አለ።

ጥቂት ቆይቶ ይማም ሳቀ። «አይ አንተ! አስደነገጥከኝ እኮ! በል ያዝ፣ ልጎትትህ።»

ከማን ጋር ነው የሚያወራው? አራጌ እየተንፏቀቀ ሲመለስ ገመዱ ተወጥሮ፣ ግድግዳውን እየፈተገ ወደ ላይ ይሄዳል። የጉድጓዱ አፍ ለአፍታ ጨለመና ተመልሶ በራ። ሚዜዬ፣ ልጆቼን አደራ ያልኩህ ሰው፣ እንዲህ ትከዳኛለህ? ሊል አፉን ከፈተ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ እንጂ ድምፅ አልወጣውም።

«ምነው ዛሬ ቀለልክ? ቦርጩን የት ጣልከው?» አለ ይማም ከላይ እየሳቀ፤ አብሮት የሳቀው ግን የራሱ የአራጌ ድምፅ ነበር፤ ሳቁን ሲጨርስም «ታች ምንም የለም፤ ድፈነውና ወደ ልጆቼ እንሂድ» አለ።