ማጅራት ውስጥ የበቀለው ጥርስ

ሟቹ አልጋው ላይ ዓይኑን እንዳፈጠጠ ተገኘ። በመኪና አደጋ ከአንገቱ በታች ሽባ የሆነ ጎልማሳ ነበር፤ ይድናል ተብሎ በአንድ የምርምር ማዕከል ማጅራቱ ላይ ስቴም ሴል፣ ማለትም ወደ ሌላ የአካል ክፍል ሊለወጥ የሚችል ሴል፣ ተወግቷል። ትንፋሹን ያቆመው እዚያው የወጣ እብጠት ነው። አስከሬን መርማሪው ሲሰነጥቀው ግን ውስጡ ጸጉርና አንድ ነጭ ጥርስ አገኘ። ጉድ ነው መቼስ።

ነገሩ ለፖሊስ መርማሪው ተሰጠ። አንዴ ከያዘ ስለማይለቅ «ጉንዳኑ» ይሉታል።

መርፌውን የወጋው ሽማግሌ ሐኪም፣ ሴሉ የተወሰደው ከሟቹ ከራሱ መቅኒ ነው ብሎ ማለ ተገዘተ። ባልደረባው ዶክተሯ ግን ሳቀችበት። የአዋቂ ሰው የመቅኒ ሴል የሚሆነው የተወሰነ ነገር ነው፣ ጥርስ አያበቅልም አለች፤ ከፅንስ የተወሰደ ሴል ግን ማንኛውንም አካል ይሆናል፣ ሳይገራ ከተወጋም እንዲህ ጉድ ያፈላል። በማዕከሉ የፅንስ ሴል የምትመራመረው እሷ ብቻ መሆኗ ትዝ ያላት ተናግራ ከጨረሰች በኋላ ነው። ፖሊሶቹም ሊያስሯት ተዘጋጅተው ነበር።

የሟቹ ሚስት እዚያው ማዕከል ሴል የምታባዛና የምታቀዘቅዝ ባለሙያ ናት። ጉንዳኑ ቤቷ ሄዶ አነጋገራት። ባሏ ሁልጊዜ «ማጅራቴ ውስጥ ሰው አለ» ይላት እንደነበር ነገረችው። ሲወጣ ቢጫ የተቀባች፣ ማንም የማይተኛባት ትንሽ ክፍል አየ።

በመጨረሻ ሦስቱንም ማዕከሉ ውስጥ ሴል የሚቀመጥባቸው ማቀዝቀዣዎች ጋ ሰበሰባቸው።

«የዶክተሯ ሴል ቢሆን ጥርሱ ለሟቹ ባዕድ በሆነ ነበር» አለ። «አስመረመርነው። ግማሽ ዘሩ የሟቹ ነው።»

«ግማሹስ?» አለ ሐኪሙ።

ጉንዳኑ ወደ ሚስትየው ዞረ። ባልና ሚስቱ ልጅ እምቢ ሲላቸው ከሁለቱ የተፈጠረ ፅንስ እዚሁ አስቀምጠው እንደነበር፣ የመቅኒውን ሴል ተቀብላ ለመርፌ የምታዘጋጀውም እሷ እንደሆነች በዝግታ አስረዳ። «የጥርሱ እናት እዚህ አለች» አለ።

አልካደችም። የመቅኒው ሴል አንድ ጊዜ ተሞክሮ ምንም አልፈየደም ነበር፤ በሁለተኛው ጊዜ በፅንሱ ሴል ተክታ ለሐኪሙ ሰጠችው።

«ሰውነቱ ባዕድ ሴል ይገፋል፤ የገዛ ልጁን ግን ያን ያህል አይገፋም ብዬ ነው» አለች። «እንዲነሳልኝ ነበር። ሰው አለ ሲለኝ ሳቅሁበት።»

ዶክተሯ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። ሚስትየው በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«ምርመራው ሌላም ነገር ያሳያል አይደል? ወንድ ነበር ወይስ ሴት?»

ጉንዳኑ ያውቃል። ባላወቅሁ ብሎ ተመኘ።

«ሴት» አላት።

እሷም ወደ ማቀዝቀዣው አንዴ ዞር ብላ አየችና እጇን ለካቴናው ሰጠች።