የማናፈሻ ክፍሉ ግማሽ ሰዓት

ሮዲዮን ሳቭች ከማናፈሻ ክፍሉ በር ሦስት እርምጃ እንደራቀ ተቃጥሎ ሞተ። በፈሳሽ ኦክሲጅን የሚሠራ የሮኬት ሞተር መሐንዲስ ነበር። ሰው ይዞ ጠፈር የሚወጣውን ሞተር የመንግሥት ኮሚሽን ነገ ይመርጣል፤ ተፎካካሪውን የመርዝ ነዳጅ ሞተር አልፈርምም ያለው እሱ ብቻ ነው። ሬሳው ሳይነሳ ወንበሩን ማን ይወርሳል የሚለው ወሬ ተጀምሯል።

ፈሳሽ ኦክሲጅን ሲቀዳ የቆየ ሰው ጋዙ ከልብሱ እስኪወጣ ግማሽ ሰዓት ይናፈሳል፤ አለዚያ ክብሪት ሲቀርበው እንደ ጭድ ይነድዳል። ሰዓት ይዞ አይገባም፤ ባልደረባው ከውጭ ቆጥሮ ያንኳኳለታል።

«ሲጋራውን የለኮስኩለት እኔ ነኝ» አሉ ዋናው ንድፍ አውጪ ቬኔዲክት ፓቭሎቪች፣ በፋሻ የተጠቀለለ እጃቸውን አቅፈው። «ስንት ዓመት ተኳርፈን! ጎንበስ ሲልልኝ ታረቀኝ ብዬ ደስ አለኝ። ወዲያው ደረቱ ቦግ አለ።»

«ደንቡን አያውቁም?» አለ መርማሪው ዛካር ኢሊች።

«የእኔ ሥራ ከመርዝ ነዳጅ ጋር ነው፤ ኦክሲጅን ነክቼ አላውቅም። ደግሞ ተንኳኩቶለት ነው የወጣው።»

ያንኳኳችው አሥራ ሁለት ዓመት ረዳቱ ሆና የሠራችው ራይሳ ቲሞፌዬቭና ናት። «ዘጠኝ ከአርባ ገባ፤ አሥር ከአሥር አንኳኳሁ። መዝገቡ ይኸው፣ ጓድ መርማሪ።»

በተመረጠው ሞተር የሚበርረው ጠፈርተኛ ዥዳን ጥግ ይዞ ቆሟል። «ሮዲዮን ሳቭች ስለ እኔ ‹ይሄን ልጅ መርዝ ላይ አላስቀምጠውም› ይል ነበር። እሱ እያለ ፈርቼ አላውቅም» አለ።

ዛካር ኢሊች ወደ ሞተር መሞከሪያው ወርዶ አንድ ጥቅል ወረቀት ይዞ ተመለሰና ሁሉንም ኮሪደሩ ላይ ሰበሰበ።

«ንድፍ አውጪው ለኮሱ፤ ደንቡን ግን አያውቁም። ሟቹ ደንቡን ያውቃል፤ ያመነው ማንኳኳቱን ነው። ይህን ወረቀት የጻፈው የመለኪያው መርፌ ነው፤ የሰው እጅ የለበትም። የኦክሲጅኑ ቧንቧ የተዘጋው ልክ አሥር ሰዓት ላይ ነው፤ ሠራተኞቹ እንዳዩት የዘጋውም ራሱ ሮዲዮን ሳቭች ነው። ታዲያ ዘጠኝ ከአርባ ላይ እዚህ እንዴት ይናፈሳል? ራይሳ ቲሞፌዬቭና፣ አሥር ደቂቃ ሳይሞላው አንኳኩተው የመግቢያውን ሰዓት ወደ ኋላ ጻፉት። እንደወጣ ሲጋራ እንደሚለኩስ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም።»

«አሥራ ሁለት ዓመት ንድፉን ተሸከምኩለት!» ብላ ጮኸች። «የመርዝ ነዳጁ ሞተር ቢጸድቅ ክፍሉ የኔ ነበር። አንድ ፊርማ ነው የከለከለኝ፣ አንድ ፊርማ!»

ዛካር ኢሊች ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የሟቹ ካፖርት ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ሥራውን ይህን ያህል የጠላበት ጊዜ አልነበረም።

«አልከለከለዎትም። የመርዝ ነዳጁን ሞተር ዛሬ ቀትር ላይ ፈርሞለታል።»

ራይሳ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ቬኔዲክት ፓቭሎቪች እጃቸውን ዘረጉ።

«ይስጡኝ፤ ኮሚሽኑ ነገ ይፈልገዋል።»

«እሱም ፈረመ?» አለ ዥዳን።