ከሀውራ ጀርባ

ሰው ዓይኗ ሥር ሞቶ እንኳ ሀውራን የጠየቃት የለም።

አሮጌዋ ቢጫ አውሮፕላን ከሐይቁ ዳር ካለው የግጦሽ ሜዳ ተነሣች። ሞተሯ ትን እንዳለው ሰው ሁለቴ ስሎ ፀጥ አለ። በአፍንጫዋ ተተከለች። አብራሪው ሙአዊያ በሕይወት አልወጣም።

ፖሊስ በመንገዱ ያለፈውን የባጃጅ ሾፌር ሳይቀር ጠየቀ። ሀውራን ግን «አሮጊት ናት» ብሎ አለፋት።

በማግስቱ ልጇን ሀሚዱን ከገበያ መሐል አስሮ ወሰደው።

ሙአዊያና ጓደኛው ሳሊሕ ሁለቱም አብራሪዎች ነበሩ። የሚበሩት ለደስታቸው ነበር። ሲያርፉ አውሮፕላኗን እንደ ሙሽራ እየዞሩ ፎቶ ያነሷት ነበር። የነዳጁን ጀሪካን የሚጠብቀው ሀሚዱ ነበር። ከወደቀችው አውሮፕላን ነዳጅ ውስጥ ውሃ ተገኘ። «ነዳጁን ሸጦ በውሃ ሞላው» ተባለ።

ሳምንት ሞላ። ሀውራ ጣቢያ ገባች። ሳሊሕ ቃሉን ሊሰጥ ተቀምጧል።

«እማማ፣ ምርመራ ላይ ነን፤ ውጭ ይጠብቁ» አለ ኢንስፔክተር ወልዴ።

«አንተ ምርመራ ላይ፣ ልጄ ሲሚንቶ ላይ! ስልኩን አምጣ።»

«ስልኩን መርምረናል። የደወለላቸውን ሁሉ አይተናል።»

«ስለ ደወለው ማን ጠየቀህ? ፎቶዬን ነው! ሟቹ ሊነሣ ሲል በልጄ ስልክ አነሣኝ። ወላሂ፣ በዕድሜዬ ያለኝ ፎቶ እሱ ብቻ ነው። እሱንም ፖሊስ ይውረሰው?»

ወልዴ እንድትገላግለው ብሎ ስልኩን ከፈተ። ፎቶው ላይ ሀውራ ከአውሮፕላኗ ክንፍ ሥር ደረቷን ነፍታ ቆማለች።

«ፊቴን አቅርበው።»

ጣቱ ሳተና ከትከሻዋ ኋላ ያለው ሰው ገዝፎ መጣ። ሳሊሕ ነው። ትንሽ ብልቃጥ ወደ ሰማይ አንሥቶ ትኩር ብሎ ያያል።

«ምን እያደረገ ነው?»

«ሳይነሡ ሁልጊዜ ከነዳጁ ቀድተው ያያሉ። ያን ቀን ሙአዊያ እኔን ሲያነሣ ይሄ አየለት። ግን ሌላ ጊዜ ነዳጁ እስከ ታች ሰማያዊ ነበር። ታቹ ለምን ነጣ?»

ወልዴ ስልኩን ወደ ሳሊሕ አዞረ።

«ውሃ ከነዳጅ ሥር ይተኛል። አይደለም?»

«ነው።»

«አይተህ ምን አልኸው?»

ሳሊሕ ስልኩን በእጁ ገፋ።

«‹ንጹሕ ነው፣ ውጣ› አለው» አለች ሀውራ። «በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ያጣሁት ጠያቂ ነው።»

«ውሃውን እኔ አልጨመርሁም» አለ ሳሊሕ በመጨረሻ። «የአውሮፕላኗ የነዳጅ ታንክ ክዳን አርጅቶ ዝናብ ያስገባል። ሞተሯን ስድስት ዓመት የጠገንሁ እኔ፤ ፎቶውን የማነሣ እኔ። ፎቶዎቹ ለሕዝብ በታዩበት ኤግዚቢሽን ላይ የተለጠፈው ግን የእሱ ስም ብቻ። እኔን ‹ጓደኛዬ ነው› እያለ ብቻ ያስተዋውቀኝ ነበር። ያን ጠዋት አንዲት ቃል ብተነፍስ ይተርፍ ነበር። ዋጥኋት።»

«እኔንስ ማን በስሜ ጠርቶኝ ያውቃል?» አለች ሀውራ። «ሰው ገደልሁ?»

ወልዴ ቁልፉን አነሣ። «ልጅዎን ይዘው ይሂዱ፣ እማማ። በጓሮ በር ይቀርባችኋል።»

«በጓሮ? ስትወስደው በጓሮ ወስደኸዋል? ዛሬም ገበያ ቆሟል። ያሰርህበት ቦታ ድረስ አብረኸን ትሄዳለህ። ድምፅህን ከፍ አድርገህ ‹ሀሚዱ ሌባ አይደለም› ትላለህ። ማን አየ ቢሉህ ‹አንዲት አሮጊት› እንዳትል፤ ሀውራ በል። ተነሥ!»