የከሳሹ ስም

«ጨውህ ረጥቧል?»

«ከላይ ብቻ።»

ምልክቱ ትክክል ነው። ደመላሽ ጎንበስ ብሎ የታጠፈውን ወረቀት ከአሞሌው ሰሌን ሥር ወሸቀ። ከፋለ ቀና ብሎም አላየውም። አዲስ አበባ ላለው የስለላ ክፍል ከፋለ «ጫኝ»፣ ደመላሽ «ብርዕ» ነበሩ። የመቀሌ ገበያ ግን አንዱን በጨው ነጋዴነት፣ ሌላውን በማመልከቻ ጸሐፊነት ነው የሚያውቃቸው።

ጥልያን ከወጣ ሁለት ዓመቱ ነው። ትግራይ ሸፍታለች፤ ከሸዋ የመጣ ዘበኛና ዳኛ በክፉ ዓይን ይታያል። አሁን ሽማግሌዎቹ ከመንግሥት መልእክተኞች ጋር ለእርቅ ተቀምጠዋል፤ ሐሙስ ይፈረማል። ከዚያ ወዲያ አገሬው የራሱን ዘበኛ ይሾማል፣ በራሱ ዳኛ ይዳኛል። የተመረጡትን የአርባ ሰዎች ስም ለሽማግሌዎቹ የጻፈው ደመላሽ ነው። ግልባጩን ሰርቆ ያመጣውም እሱው። ሹመታቸው እንዲጸድቅ ነው ብለውት ነበር አለቆቹ፤ እሱም እንደ ሞኝ አመነ።

«መቼ ይጸድቃል?»

ከፋለ ሳቀ። «ምኑ?»

«ሹመቱ ነዋ።»

«ነገ ጎህ ሲቀድ አርባውም ይለቀማሉ። ገመዱ ተዘጋጅቷል። ዳኛ ከሌላቸው ዳኝነቱን ለማን ይሰጡታል?»

ደመላሽ ወደ ሰሌኑ እጁን ዘረጋ።

አርባ ሰው። በገዛ እጁ ጽሑፍ።

«ወረቀቱን መልስልኝ።»

ከፋለ ጋቢውን ገለጥ አደረገ። ሽጉጥ። ወረቀቱን መዝዞ ኪሱ ከተተና በአህዮቹ መሀል ጥሎት ሄደ። ማዶ ሁለት የሸዋ ዘበኞች ጠመንጃ ይዘው ይጠብቁታል። ሃያ እርምጃ ቀርቶታል።

አሥር።

«በሕግ አምላክ፣ ቁም!» ሲል ጮኸ ደመላሽ።

ከፋለ ቆመ።

ሽጉጥ የታጠቀ፣ ለስለላ የሠለጠነ ሰው ቆመ። በዚህ ቃል ተጠርቶ የሚሄድ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ አይቶ አያውቅም፤ እግሩ ጭንቅላቱን ቀደመው። ስህተቱ ሲገባው ገበያተኛው ከብቦት፣ ሽጉጡን ነጥቆት ነበር። ዘበኞቹ ጠመንጃቸውን አነሱ፤ ሕዝቡን አይተው መልሰው አወረዱት። ገበያተኞቹ የከፋለን የጋቢ ጫፍ ከደመላሽ ነጠላ ጋር ቋጠሩ። ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ በቁራኛ ይታሰራሉ፤ ወጉ ነው።

ወይራው ሥር የተቀመጡት ሽማግሌ አቦይ ግደይ ነበሩ።

«እንታይ ወሰደብህ፣ ወደይ?» ሲሉ ምን እንደ ተወሰደበት ደመላሽን እንደ ልጃቸው ጠየቁት።

«ብትናገር አንተም አበቃልህ» አለ ከፋለ በሹክሹክታ።

ደመላሽ ተናገረ። ገመዱን፣ ጎህ ሲቀድ የሚሆነውን፣ ስሙ የውሸት መሆኑን፣ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰለላቸው እሱ መሆኑን። ሲጨርስ አንዷ ሴት እግሩ ሥር ተፋች። አፈረ፤ ግን ቀለለው።

አቦይ ግደይ ወረቀቱን ከከፋለ ኪስ አስወጥተው አነበቡ። የመጀመሪያው ስም የራሳቸው ነበር።

«አርባውም አሁኑኑ ተራራ ይውጡ። ወረቀቱ ሐሙስ መልእክተኞቹ ፊት ይነበባል።» ወደ ሁለቱ ዞሩ። «እናንተ ዋስ ጥሩ።»

ደመላሽ ወደ ዘሃራ አየ። የወሎዋ በርበሬ ነጋዴ ናት፤ ባሏን ከእስር ያስፈታው እሱ የጻፈው ማመልከቻ ነበር።

ዘሃራ ፊቷን አዞረች።

«ዋስ የሌለው ከቁራኛው አይፈታም» አሉ ሽማግሌው። «አንገድላችሁም። ደም ከፈሰሰ እርቁ ይፈርሳል። ወደ ሸዋ በሚወስደው መንገድ እስከ አላጌ ትሸኛላችሁ፤ ከዚያ ወዲያ የመንግሥታችሁ ናችሁ።»

በደመላሽ ቦታ የተቀመጠ ሌላ ጸሐፊ ብርዑን አነሳ። «ከሳሽ ማን ልበል?»

እናቱ ያወጣችለትን ስም ሊናገር ከጀለ። ሊበቀሉት የሚሹ ያን ስም ከሰሙ ግን እናቱን ያገኟታል።

«ከሳሽ ብለህ ብቻ ጻፍ።»

ከፋለ ቋጠሮውን ሳብ አደረገ። «ና እንጂ። መንገዱ ረጅም ነው።»

ደመላሽ የሚባል ጸሐፊ ከዚያ ቀን ወዲህ ያየ የለም። አርባዎቹ ግን ሐሙስ ጠዋት በየስማቸው ተጠሩ፤ አርባውም አቤት አሉ።