የወይዘሮ ሃርግሬቭ ፊርማ

ታቢታ የጠፋችው በገዛ እጇ የሌላ ሰው ስም ፈርማ ነው።

አሜሪካ ከእንግሊዝ በተላቀቀችባቸው በነዚያ የመጀመሪያ ዓመታት ቦስተን ውስጥ ወይዘሮ ሃርግሬቭን የማያውቅ አልነበረም፤ ጄኔራሉ ባላቸው ከሞቱ በኋላም ሹማምንቱ ምክራቸውን በደብዳቤ ይጠይቁ ነበር። ወይዘሮዋ ከአልጋቸው መጋረጃ ጀርባ ሆነው ቃላቸውን ይናገራሉ፤ በሰባት ዓመት ውል የገባችው አገልጋይ ታቢታ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የእጅ ጽሕፈታቸውን አስመስላ ትጽፋለች፣ ቅጂውንም መዝገብ ላይ ታሰፍራለች። ፊርማው ብቻ የሳቸው ነው። ካምፎር የሚባለውን የሳል መድኃኒት የሚሸት ቢጫ እጅ ከመጋረጃው ይወጣና፣ እየተንቀጠቀጠ ስማቸውን ጽፎ ይመለሳል።

«ዶሮ የጫረው ይመስላል። ድገሚው።»

«እሺ እመቤቴ።»

ትደግመዋለች። ውሉ ሊያልቅ ስድስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ያለሳቸው ፊርማ ደግሞ ነፃ መውጣት የለም።

አንድ ቀን መዝገቡን ወደ ኋላ ገለጠችው። የዛሬ ሠላሳ ዓመት የተጻፈውም ገጽ የትናንቱም በአንድ እጅ የተጻፈ ይመስላል፤ ጠርዙ ላይ ግን በጥፍር የተጫሩ ስሞች አሉ፤ መርሲ፣ ዶርካስ፣ ሩት።

«እነማን ናቸው እመቤቴ?»

«ጸሐፊዎች። ምን አገባሽ?»

በዚያው ሳምንት ለእናቷ ልትጽፍ ተቀመጠች፤ ወረቀቱ ላይ የወጣው የወይዘሮዋ ጽሕፈት ሆነ። በግራ እጇ ሞከረች። ያው ነው። ጣቶቿን ብትታጠብ ብትታጠብ የካምፎሩ ሽታ አልለቅ አለ፤ መጋረጃው ውስጥ ሳል በተሰማ ቁጥር የሚሰነጠቀው የሷ ደረት ነበር።

ውሉ ያለቀው በረዶ በሚጥልበት ቀትር ላይ ነው። የነፃነት ወረቀቷን ራሷ ጻፈችና ወደ መጋረጃው ዘረጋችው። እጁ አልወጣም።

«አንቺው ፈርሚው» አሉ ወይዘሮዋ። «ወይስ ሰባት ዓመት ልጨምርልሽ?»

የወይዘሮዋን ስም ፈረመች።

የመጨረሻዋን ፊደል ስትጨርስ መስኮቱ ራቀ፣ ካምፎሩ አፏን ሞላው። ልትነሳ ብትል ጉልበቷ ከከባድ ብርድ ልብስ ሥር ነው። በመጋረጃው ክፍተት አንዲት ወጣት የታቢታን ፊት ይዛ፣ የታቢታን ቀሚስ ለብሳ፣ ቀለሙ እንዲደርቅ ወረቀቱ ላይ ደቃቅ አሸዋ ስትነሰንስ አየች። «የኔ ነው» ልትል አፏን ከፈተች፤ የወጣው የአሮጊት ሳል ነበር።

ወጣቷ ወረቀቱን አጣጥፋ ጉያዋ ውስጥ ከተተች።

«አይቸኩሉ እመቤቴ፣ ነገ ሌላ ጸሐፊ ይፈልጉልዎታል» አለችና ወጥታ በሩን ዘጋችው።